ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ ባይኖርስ? የሠራተኛ ቅነሳ በቀሩት ላይ የሚተወው ነገር

ዕለቱ አርብ ነበር። ከእኛ ከአዘጋጆቹ አንዷ ያኔ ስድሳ ያህል ሠራተኞች ባሉት አንድ የጥሪ ማዕከል ውስጥ ትሠራ ነበር። ከምሳ በኋላ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ስብሰባ ክፍሉ መጠራት ጀመሩ። የተጠራ ሰው ሲመለስ አያወራም። ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ቦርሳውን አንስቶ ይወጣል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሃያ ሁለት ወንበር ባዶ ሆነ። የእሷ ስም ግን አልተጠራም።

"መጀመሪያ እፎይ አልኩ" ትላለች። "ቀጥሎ እፎይ በማለቴ አፈርኩ።"

አጠገቧ ትቀመጥ የነበረች ጓደኛዋ ማታ ደወለችላት። አላነሳችም፤ ምን እንደምትላት አላወቀችም። በነጋታውም አልደወለችም። ሰኞ ቢሮ ስትገባ የጓደኛዋ ደንበኞች ፋይል እሷ ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ ጠበቃት። ሦስት ወር ሳይሞላ እሷም በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች።

ስለ ሠራተኛ ቅነሳ ሲወራ የሚነሱት የተቀነሱት ናቸው። ልክ ነው፣ እንጀራቸውን ያጡት እነሱ ናቸው። ዛሬ ግን ሁለቱንም ወገን እናያለን። ለምን የቀሩት ሰዎች ልብ ይሰበራል? አለቆች ለምን ዝም ይላሉ? የኢትዮጵያ ሕግስ ምን ይላል?

ሥራ አላቸው፣ ታዲያ ምን ሆኑ?

በሥራ ቦታ ሥነ ልቦና ላይ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ስሜት ከአደጋ ከተረፉ ሰዎች ስሜት ጋር ያመሳስሉታል። መኪናው ተገልብጦ ጎንህ የነበረው ሲጎዳ አንተ ደህና ከወጣህ፣ "ለምን እኔ?" የሚል ጥያቄ አይለቅህም። ቢሮ ውስጥም እንደዚያው ነው። ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ይመጣሉ።

አንደኛው ጥፋተኝነት ነው። ከእኔ የተሻለ የሚሠራው ተቀንሶ እኔ ለምን ቀረሁ? ሁለተኛው ፍርሃት ነው። የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው? ስሜስ ይኖርበታል? ሦስተኛው ድካም ነው። ሰው ሲቀነስ ሥራው አብሮ አይቀነስም፤ ለሁለት ሰው የነበረው ሥራ አንድ ሰው ላይ ይወድቃል፣ ደመወዙ ግን ያው ነው።

የዚህ ውጤት በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻርሊ ትሬቨር እና አንቶኒ ናይበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ቅነሳ ያደረጉ ድርጅቶች ውስጥ በራሳቸው ፈቃድ የሚለቁ ሰዎች እንደሚበዙ አሳይተዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ መጀመሪያ የሚለቀው ሌላ ቦታ በቀላሉ ሥራ የሚያገኘው ነው። ማለትም ድርጅቱ "ይቅርልኝ" ብሎ ያስቀረው ሰው። ወጪ ልቀንስ ያለ ድርጅት በመጨረሻ የሚፈልገውን ሰው ያጣል።

ጥናቱ ሌላም ነገር ይነግረናል። ሠራተኞች ውሳኔው በፍትሐዊ መንገድ እንደተሰጠ በሚያምኑበት ድርጅት ይህ ጉዳት ይቀንሳል። ስለዚህ ጥያቄው "ሰው ተቀነሰ ወይ?" ብቻ አይደለም። "እንዴት ተቀነሰ?" የሚለውም እኩል ያስፈልጋል።

ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ስንብት

መጥፎውን ምሳሌ እናስቀድም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ቤተር ዶት ኮም የተባለ የአሜሪካ የቤት ብድር ድርጅት ኃላፊ ቪሻል ጋርግ 900 ያህል ሠራተኞችን ዙም ላይ ሰበሰበ። ይህ ጥሪ ላይ ያላችሁ በሙሉ ተቀንሳችኋል አላቸው። ሁሉም ነገር ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ቪዲዮው በዓለም ተሰራጨ፣ ኃላፊውም ይቅርታ ለመጠየቅና ለጊዜው ከሥራው ዞር ለማለት ተገደደ። እስቲ ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ድርጅት የቀረውን ሰው አስቡት። የዙም ግብዣ በመጣ ቁጥር ልቡ አይደልቅም?

ሌላው ችግር በዙር መቀነስ ነው። ሜታ፣ የፌስቡክ ባለቤት፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከ11,000 በላይ ሠራተኞችን ቀነሰ። አራት ወር ቆይቶ፣ በመጋቢት 2023፣ ተጨማሪ 10,000 ሰው እንደሚቀንስ አስታወቀ። ይህንንም በአንዴ ሳይሆን አንዱን ክፍል ወዲያው፣ ሌላውን በሚያዝያ፣ ቀሪውን በግንቦት። አስቀድሞ መናገሩ ጥሩ ይመስላል። ግን ተራውን ለሁለት ወር እየጠበቀ ሥራው ላይ የሚያተኩር ሰው ማን ነው?

አንድ ድርጅት፣ ሁለት መንገድ

አሁን ወደ ኖኪያ እንሂድ። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የነካነው ስልክ የሱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ኖኪያ ጀርመን፣ ቦኹም ከተማ ያለውን ፋብሪካውን ዘግቶ ሥራውን ወደ ሩማንያ እንደሚያዛውር በድንገት አስታወቀ። 2,300 ያህል ሰው ሥራ ሊያጣ ነው። ከተማው በሰልፍ ተናወጠ፣ ፖለቲከኞች ሳይቀሩ የኖኪያ ስልካቸውን እንደሚተዉ በአደባባይ ተናገሩ። ድርጅቱ ለካሳም ለስሙም ብዙ ከፈለ።

ሦስት ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2011 የባሰ ነገር መጣ። አይፎንና አንድሮይድ ገበያውን ወስደውበት ኖኪያ በ13 አገሮች 18,000 ያህል ሰው መቀነስ ነበረበት። በዚህ ጊዜ ግን "ብሪጅ" የሚባል፣ ድልድይ እንደማለት፣ ፕሮግራም ዘረጋ። ሠራተኞች ቅነሳው እንደሚመጣ ቀድመው ተነገራቸው፤ ምርጫም ቀረበላቸው። እዚያው ኖኪያ ውስጥ ሌላ ቦታ መፈለግ፣ ውጭ ሥራ ለማግኘት መታገዝ፣ ሙያ መማር፣ ወይም መነሻ ገንዘብ ተቀብሎ የራስን ሥራ መጀመር። ሥራቸው ባበቃ ቀን ከመካከላቸው 60 በመቶው ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር። ከፕሮግራሙ 1,000 ያህል አዳዲስ ንግዶች ተወለዱ።

ኖኪያ ደግ ስለሆነ አይደለም። ከቦኹም ስለተማረ ነው። ቅነሳው አልቀረም፣ ሰውም ተቀነሰ። ልዩነቱ ሰዎች ከውሳኔው በፊት እንደ ሰው መቆጠራቸው ነው።

አለቆች ለምን ዝም ይላሉ?

እውነቱን እንነጋገር፤ ሁሉም አለቃ ጨካኝ አይደለም። ቀድሞ ከተናገረ ጎበዞቹ ይሸሻሉ፣ ደንበኛ ይጠራጠራል፣ ባንክም ብድሩን ያስባል። ካልተናገረ ደግሞ ወሬው ይቀድመዋል፤ ሻይ የምታፈላው እናት እንኳ ከእሱ በፊት ትሰማለች። አሥር ሰው ይቀንስ ወይስ የሁሉንም ደመወዝ ይቀንስ? ሁሉም ትንሽ ይጎዳ ወይስ ጥቂቶች ብዙ ይጎዱ? ቀላል መልስ የለውም።

አንዳንዴም ውሳኔው ከአገር ውጭ ይመጣል። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ተጠቃሚነት እንደምታስወጣ ባስታወቀች በወሩ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021፣ የካልቪን ክላይን እና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ። እገዳው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ሥራ ላይ ዋለ። እነዚያ መስመር ላይ ተቀምጠው ይሰፉ የነበሩ ወጣት ሴቶች ምን አጠፉ? ምንም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆምም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል አቋርጧል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ቅነሳውን ማስቀረት ከአለቃው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። እውነቱን መናገርና ሕጉን መከተል ግን በእጁ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ የሚመለከታችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎች በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደሩት።

አንቀጽ 29 የሠራተኛ ቅነሳ የሚለው ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆነውን ሠራተኛ የሚነካ ሲሆን ነው። ድርጅቱ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ካለው ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው ሲቀነስ። በግንባታ ሥራ ላይ ሥራው እያለቀ ሲሄድ የሚደረገው መቀነስ ግን በዚህ አይገዛም። ውላችሁ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ፕሮጀክት ሆኖ ጊዜው ካለቀም ጉዳዩ ሌላ ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ አሠሪው ዝርዝሩን ብቻውን፣ በሩን ዘግቶ አያወጣም። ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። ቅድሚያ ሥራ ላይ የሚቆየው የሥራ ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ያለው ነው። በዚህ እኩል ከሆኑ አገልግሎቱ አጭር የሆነው፣ ቀጥሎም ጥቂት ጥገኞች ያሉት ይቀድማል። እዚያው ድርጅት ሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች ከኋለኞቹ ተራ ላይ ናቸው።

ገንዘቡስ? በምሳሌ እናስላው። ወር 9,000 ብር የሚከፈላት፣ አራት ዓመት የሠራች ሴት ተቀነሰች እንበል። ለስሌት እንዲመቸን የቀን ደመወዟን 300 ብር እናድርገው።

• ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፦ 9,000 ብር
• ለቀሩት ሦስት ዓመታት፣ በየዓመቱ የዚያ አንድ ሦስተኛ (3,000 ብር)፦ 9,000 ብር
• በቅነሳ ምክንያት የሚጨመር የ60 ቀን ደመወዝ፦ 18,000 ብር

ድምሩ ከግብር በፊት 36,000 ብር ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይገባዋል። ያልተጠቀማችሁበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም መብታችሁ ነው።

በመጀመሪያ ያነሳናት ጓደኛዋ ይህን አታውቅም ነበር። የዚያን አርብ የቀረበላትን ወረቀት ሳታነብ ፈረመች፤ የወሩን ደመወዝ ብቻ ይዛ ወጣች። ከሥራ ስንብት ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስትሰማ ጊዜው አልፎ ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ስማችሁ ከተጠራ፦ በዚያው ሰዓት ምንም አትፈርሙ። "አንብቤ እመልሳለሁ" ማለት ነውር አይደለም። ደብዳቤውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ የሥራ ውላችሁንና የደመወዝ ማስረጃችሁንም ያዙ። ማኅበር ካለ ማኅበሩን፣ ከሌለ በአካባቢያችሁ ያለውን የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ጠይቁ።

ከቀራችሁ፦ ሦስት ጥያቄ ለአለቃችሁ አቅርቡ፤ ብቻችሁን ሳይሆን ሰብሰብ ብላችሁ። ቅነሳው አበቃ ወይስ ይቀጥላል? መስፈርቱ ምን ነበር? የሄዱት ሰዎች ሥራ የትኛው ይቀራል፣ የትኛውስ ለማን ይሰጣል? "አላውቅም፣ በዚህ ቀን እነግራችኋለሁ" የሚል መልስ እንኳ ከዝምታ ይሻላል።

አለቃ ከሆናችሁ፦ መቀነስ ግድ ከሆነ በአንዴ ጨርሱት፣ ፊት ለፊት ተናገሩ፣ የሚገባቸውን ክፈሉ። የሚሄደውን ሰው ስትሸኙ የሚቀረው ቆሞ እያያችሁ ነው። ነገ በእሱ ላይ የምታደርጉትን ዛሬ እያነበበ ነው።

ባልደረባችን ለጓደኛዋ በመጨረሻ ደወለች፤ ከስምንት ወር በኋላ። ጓደኛዋ አልተቆጣችም። "የተቀነስኩ ቀን ሳይሆን ያላነሳሽው ቀን ነው ያመመኝ" ብቻ አለቻት።

እናንተ ጋም የተቀነሰ ሰው ካለ ዛሬ ደውሉለት። የምትሉት ቢጠፋችሁ ስለ ስድስት ወሩ ንገሩት።