የጊሎ ዛጎልና የአንታሎ ድንጋይ፦ ስለ ጥንታዊ ሴፋሎፖዶች አዝጋሚ ለውጥ



ከጎግ የመጣ አንድ ተማሪ ከጊሎ ወንዝ ዳር ያነሣውን ጥምዝ ዛጎል አሳይቶኝ «መምህር፣ ይህ አሞናይት ነውን?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። የዛሬው ገለጻዬ ለዚያ ጥያቄ ዘርዘር ያለ መልስ ነው።

ዛጎሉ የቀንድ አውጣ ነበር። ሁለቱም ጥምዝ ስለሆኑ መምታታታቸው አያስገርምም፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ግን ሲሰነጠቁ ነው። የቀንድ አውጣ ዛጎል ውስጡ ወጥ መተላለፊያ ነው። የአሞናይት ዛጎል ግን በግድግዳዎች ተከፋፍሎ ብዙ ክፍሎች አሉት፤ እንስሳው የሚኖረው በመጨረሻው ሰፊ ክፍል ብቻ ነው። በክፍሎቹ ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ቱቦ ፈሳሹን እየመጠጠ ሲያወጣ ቦታውን ጋዝ ይይዛል፤ ዛጎሉም ባለቤቱን በውሃ ውስጥ ያንሳፍፋል።

የሴፋሎፖዶች ታሪክ የሚጀምረው በዚህ ብልሃት ነው። ከጥንታውያኑ አንዱ፣ በቻይና የተገኘው ፕሌክትሮኖሴራስ፣ በካምብሪያን ዘመን ማብቂያ አካባቢ የኖረ ትንሽ እንስሳ ነበር። በተከታዩ የኦርዶቪሺያን ዘመን ቀጥ ያለ፣ ብዙ ሜትር የሚረዝም ዛጎል ያላቸው ዘመዶቹ ባሕሩን ተቆጣጠሩ። አሞናይቶች የሚመደቡበት ሐረግ የተነሣው ከ400 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ በዴቮኒያን ነው። ሌላው ሐረግ ዛጎሉን ወደ አካሉ ውስጥ አስገባ፤ ቆይቶም አሳነሰው። ዛሬ ካትልፊሽ ባለ ክፍል አጥንት መሰል ቅሪት፣ ስኩዊድ ስስ ዘንግ ብቻ ይዘዋል፤ አብዛኞቹ ኦክቶፐሶች ደግሞ ጨርሰው ትተውታል። መከላከያ ሲቀንስ ፍጥነትና ብልጠት አደገ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጁራሲክ ዘመን ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ገብቶ ኦጋዴንን፣ ሐረርጌን፣ የዛሬውን የአባይ ሸለቆና የመቀሌን አካባቢ ሸፈነ። ዝቃጩ የኖራ ድንጋይ ሆነ። በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የሥነ ምድር ተመራማሪ ዊልያም ብላንፎርድ ይህን ድንጋይ በትግራይ አይቶ በአንታሎ ስም ጠራው። በመቀሌ ዙሪያና በሐረርጌ የተገኙ አሞናይቶች የድንጋዩን ዕድሜ ለመወሰን አገልግለዋል፤ ዝርያዎቻቸው በፍጥነት የሚለዋወጡና በሰፊው የሚሰራጩ ነበሩና።

በጋምቤላ ግን እንዲህ ያለ የባሕር ንጣፍ አይታይም። ከሥር እጅግ ጥንታዊ የመሠረት ዐለት፣ ከላይ ወንዞች ያመጡት ደለል አለ። ተማሪዬ አሞናይት ያላገኘው ፍለጋው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ የቆመበት ምድር ሌላ ታሪክ ስላለው ነው።

አሞናይቶች ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከዳይኖሰሮች ጋር አብረው ጠፉ፤ የናውቲለስ ወገን ተረፈ። ብዙ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከአወላለዳቸው ጋር ያያይዙታል። የአሞናይት ጫጩቶች እጅግ ትንንሽ ሆነው ከባሕሩ ወለል አጠገብ ስለሚንሳፈፉ ለአደጋው ተጋልጠዋል፤ ናውቲለስ ግን ትልልቅ እንቁላል ጥልቀት ባለው ውሃ ይጥላል።

አንድ አደራ ልተው። አንታሎ ድንጋይ የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃም ነውና በየጊዜው ይቆረጣል። ቅሪተ አካል ስታገኙ ከማንሣታችሁ በፊት ፎቶግራፍ አንሡ፤ ቦታውንና የተገኘበትን ንጣፍ መዝግቡ። ንጣፉ ያልታወቀ አሞናይት ቀኑ እንደተፋቀ ደብዳቤ ነው፤ ይነበባል፣ መቼ እንደተጻፈ ግን አይናገርም። ዛጎሉን ከነመገኛው ይዞልኝ የመጣው የጎጉ ተማሪ ይህን ሳይነገረው አድርጎታል።