የሥዕሉ ፀሐይና የቤቱ ፀሐይ

በልደታ፣ ከቀሩት የቆርቆሮ አጥር ግቢዎች በአንዱ ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ብርሃኗ የማይጠፋ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በዚያች ክፍል የሚኖረው ወዳጃችን የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነው። እንጀራው ገና ያልተሠሩ ቤቶችን እንደ ተሠሩ አድርጎ በኮምፒዩተር ሥዕል ማሳየት ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ ይህን ሥራ ሬንደሪንግ ይሉታል። ከሁለት ሳምንት በፊት ልንጠይቀው ሄደን ያየነውንና የሰማነውን ለአንባብያን ለማካፈል ወደናል። ነገሩ የአንድ ሙያ ጉዳይ ቢመስልም፣ ከደመወዙ እየቈጠበ ቤት ለመግዛት የሚያስበውን ሰው ሁሉ ይነካልና።

ስንደርስ በስክሪኑ ላይ የነበረው ሥዕል የአንድ አፓርታማ ሳሎን ነበር። ወለሉ ያብለጨልጫል፤ በሰፊው መስኮት የገባው ወርቅ የመሰለ ጨረር ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። እኛ አድናቆታችንን ተናግረን ሳንጨርስ የግቢው ባለቤት፣ ሰፈርተኛው ሁሉ «እማማ» የሚላቸው አሮጊት፣ ቡና ይዘውልን ገቡ። ጥቂት አተኩረው አዩና ወዳጃችንን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይህ መስኮት ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ እንጦጦ ነው፣ እማማ።»

«ወሩስ?»

«ታኅሣሥ ነው ብዬ ነው የሠራሁት።»

«እንግዲያ ፀሐይዋ በየት ዞራ ገባች? እኔ በታኅሣሥ በርበሬ የማሰጣው በደጅ በኩል ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ በእንጦጦ በኩል ያለው መሬት እስከ መጋቢት ፀሐይ አያይም።»

ወዳጃችን ሳቀ፤ ነገር ግን ሳቁ ቶሎ ጠፋ። እማማ ትክክል ነበሩና።

አዲስ አበባ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ርቃ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ በአንድ መንገድ አትሄድብንም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ በእኩለ ቀን ከራሳችን በስተሰሜን ትውላለች፤ የቀረውን ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ድረስ ወደ ሰሜን በሚያይ መስኮት አንዲት ጨረር እንኳ በቀጥታ አትገባም። ፀሐይ ወደ ሰሜን በምትሻገርበት ወቅት ደግሞ ክረምቱ ይገባና ደመናው ይጋርዳታል።

ታዲያ ያ ወርቃማ ጨረር ከየት መጣ? ወዳጃችን ሳይደብቅ ነገረን። አሠሪው ሥዕሉን ባየ ቍጥር «ብርሃን ጨምርበት» ይለዋል። እርሱም መጀመሪያ ፀሐይዋን በእጁ አዞረ። ቀጥሎ ከኮርኒሱ ሥር የማይታዩ፣ አካል የሌላቸው መብራቶች ሰቀለ። በመጨረሻም ከመስኮቱ ፊት ለፊት 4 ሜትር ርቆ የሚቆመውን ጎረቤት ሕንፃ ከሥዕሉ አስወጣ። ኮምፒዩተሩ ያልነገሩትን ሕንፃ አያውቅምና በቦታው ባዶ ሰማይ አስቀመጠ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ራሱ ለማታለል የተፈጠረ አይደለም። በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግድግዳዎቹ ቀለም የተቀቡ ሣጥን ሠርተው፣ ኮምፒዩተሩ ያወጣውን ሥዕል ከእውነተኛው ሣጥን ጋር ያስተያዩ ነበር። በ1986 ጄምስ ካጂያ የተባለው ሊቅ ብርሃን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ የሚጓዝበትን ሂሳብ በአንድ ቀመር አጠቃልሎ አሳተመ። ዛሬ እንደ ቪሬይና ብሌንደር ያሉት ፕሮግራሞች የሚሠሩት ከዚሁ መሠረት ተነሥተው ነው።

የመንጠሩ ነገር ቀላል አይደለም። ነጭ ግድግዳ ካረፈበት 100 እጅ ብርሃን 80ውን ያህል ይመልሳል እንበል፤ ሦስት ጊዜ ከነጠረ በኋላ 51 እጅ ይቀራል። ግማሹን ብቻ በሚመልስ ግድግዳ ግን ከሦስት ንጥረት በኋላ የሚቀረው 12 እጅ ተኩል ነው። እማማ የጭቃ ቤታቸውን በየዓመቱ ኖራ የሚያስቀቡት ለውበት ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባን፤ አንዲቱ ትንሽ መስኮት ለቤቱ ሁሉ የምትበቃው በኖራው ብርታት ነው።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ወዳጃችን ሥራውን እንደገና ጀመረ። ሰሜኑን በቦታው መለሰ፤ ከተማውን፣ ወሩንና ሰዓቱን በትክክል ሞላ። ጎረቤቱን ሕንፃ እንደ ተራ ሣጥን አቆመ። የተሰወሩትን መብራቶች አጥፍቶ ከሱቅ የሚገዛውን ባለ 9 ዋት አምፑል ሰቀለ፤ ይህ 800 ሉመን ያህል የሚሰጥ ነው። ኮምፒዩተሩ እያቃሰተ ቆይቶ ሥዕሉን ሲያወጣ ሁላችንም ዝም አልን። በመስኮቱ አጠገብ ደህና ብርሃን አለ፤ ሶፋው ካለበት ወዲያ ግን ሳሎኑ በጠራራ ቀን መብራት የሚያስፈልገው ጨለማ ነው።

ወዳጃችን ግን እዚያ ላይ አላቆመም። የመስኮቱን አናት እስከ ኮርኒሱ አስጠጋው፤ የቀን ብርሃን ወደ ክፍሉ የሚዘልቀው በመስኮቱ አናት ከፍታ ልክ ነውና። ቡናማውን ግድግዳ ነጭ ቀባው። ሳሎኑ ወርቃማ ባይሆንም፣ ሰው መጽሐፍ ሊያነብበት የሚችል ቤት ሆነ። ይህ ለውጥ በወረቀት ላይ የአንድ ሌሊት ድካም ነው፤ ቤቶኑ ከፈሰሰ በኋላ ቢሆን ግን ማን ይደፍረው ነበር?

ሰኞ ሁለቱንም ሥዕሎች ይዞ ወደ አሠሪው ሄደ። አሠሪው መስኮቱንና ቀለሙን ተቀበለ፤ ለማስታወቂያው ግን ወርቃማዋ ፀሐይ ትመለስ አለ። ወዳጃችንም «እንግዲያው ከሥዕሉ ግርጌ ወሩ፣ ሰዓቱና መስኮቱ የሚያይበት አቅጣጫ ይጻፍበት» ሲል ጠየቀ። ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ መልሱ አልተሰጠውም። የሚከፍለው የቤት ኪራይ አለበትና፣ ጥያቄው ለእርሱ ቀላል አልነበረም።

እኛም ጥያቄውን የራሳችን አድርገነዋል። በዚሁ በልደታ፣ በ1954 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በተቋቋመውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የሕንፃ ትምህርት ቤት የምትማሩ ወጣቶች፣ ፀሐይን ከማዞራችሁ በፊት ሰሜንን ፈልጉ። ፕላን የምትመረምሩ ወጣት ሹማምንትም የሥዕሉን ውበት ከማድነቃችሁ በፊት «ይህ ስንት ሰዓት ላይ ነው? ጎረቤቱስ የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤት ገዢው ቅድሚያ ክፍያውን የሚከፍለው ሥዕሉን አምኖ ነው፤ የሚኖረው ግን በቤቱ ውስጥ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ነገር ግን የቤቱ እውነት የሚጠራው ባለቤቱ ቁልፉን ተረክቦ በገባ ማግስት ከሆነ፣ ንጋቱ ለእርሱ ዘግይቶበታል።