የደም ሕዋስን ወደ መነሻው የመመለስ ሳይንስ

የስኳር ድንች ሐረግ ተቆርጦ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲተከል ሥር ያወጣል፤ ራሱን የቻለ ተክልም ይኾናል። የሰው አካል ግን እንዲህ ያለ ጸጋ የለውም። የሰው ልጅ ከአንድ ሕዋስ ተነሥቶ ቢያድግም፣ ሕዋሳቱ አንዴ ደም፣ ቆዳ ወይም ነርቭ ከኾኑ በኋላ ወደ ኋላ አይመለሱም ተብሎ ለረጅም ዘመን ይታመን ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሺንያ ያማናካ እና ካዙቶሺ ታካሃሺ ይህን እምነት የሚለውጥ ውጤት ይፋ አደረጉ። አራት ዘረ መሎችን ወደ አይጥ ሕዋስ በማስገባት ሕዋሱን ማንኛውንም የአካል ክፍል መኾን ወደሚችልበት የመነሻ ደረጃ መለሱት። በ2007 ሥራው በሰው ሕዋስ ላይም ተሳካ። ያማናካ በ2012 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከእንግሊዛዊው ጆን ገርደን ጋር ተጋርተዋል። ይህ የመነሻ ሕዋስ ስቴም ሴል ወይም ግንደ ሕዋስ ይባላል።

በ2010 ደግሞ ተመራማሪዎች ከክንድ ከተቀዳ ደም ግንደ ሕዋስ ማግኘት ቻሉ። ደም መቅዳት ቆዳ ቆርጦ ከመውሰድ ይልቅ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። የበሰለው የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ዘረ መል የሚቀመጥበት ኒውክለስ ስለሌለው ወደ መነሻው ሊመለስ አይችልም።

በቤተ ሙከራ ነጭ ሕዋሳቱ ከደሙ ተለይተው በንጥረ ምግብ ይራባሉ። ከዚያም ዘረ መሎቹ ብዙ ጊዜ ሴንዳይ በተባለ፣ ጉዳት እንዳያደርስ በተለወጠ ቫይረስ ተጭነው ይገባሉ። ቫይረሱ ከሰውየው ዘረ መል ጋር ስለማይቀላቀል ተመራጭ ነው። ከሳምንታት በኋላ ከብዙዎቹ ሕዋሳት ጥቂቶቹ ብቻ ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ።

በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከለጋሽ ደም ከተገኘ ግንደ ሕዋስ የተዘጋጁ የነርቭ ሕዋሳት ለ7 የፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ተሰጥተዋል። በ2025 የታተመው ውጤት በ24 ወራት ክትትል ከባድ ጉዳት እንዳልታየ አመልክቷል።

ይሁን እንጂ ሥጋቱ አልተወገደም። ከአራቱ ዘረ መሎች አንዱ ከካንሰር ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ነርቭ ሳይለወጥ የቀረ ግንደ ሕዋስ ወደ አካል ከገባም ዕጢ ሊያበቅል ይችላል። በመኾኑም በሽተኛ «በስቴም ሴል ሁሉንም በሽታ እናድናለን» የሚል ማስታወቂያ ሲሰማ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሐኪሙን ሊያማክር ይገባል።