መስመሩ የት ላይ ይነካል?

ባለፈው ክረምት ጥቂቶቻችን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብ ስናስጠና «ቱ ቱ ዘ ፓወር ኤክስ» እያልን የምንጠራውን ግራፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠራን። በስተግራ በኩል ጠመኔውን ዝቅ ዝቅ አድርገን ከኤክስ አክሲስ ጋር አገናኘነው። ይኸኔ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «የነካው ኤክስ ስንት ሲሆን ነው?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ቅርጹን ሸምድደነው እንጂ መቼ ገብቶን! ስለሆነም ነገሩን ከሥሩ እንደገና ማየት ግድ ሆነብን።

የዚህ ግራፍ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ኤክስ በ1 በጨመረ ቁጥር ዋይ እጥፍ ይሆናል። ኤክስ 1 ሲሆን 2፣ 2 ሲሆን 4፣ 3 ሲሆን 8 እያለ ይሄዳል። ወደ ኋላ ስንመለስ ደግሞ በየእርምጃው ግማሹ ይቀራል። ከ2 አንድ እርምጃ ብንመለስ የ2 ግማሽ 1 ነው። ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ 1 የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው እንጂ እኛ እንደተማርነው «ሕግ ነው፣ በቃ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቀጥሎ 0.5፣ ከዚያ 0.25 ይመጣል። ግማሹን ደግሞ የቱንም ያህል ብንገምሰው ዜሮ አይወጣውም።

ታዲያ ለምን የነካ ይመስላል? አንዱን ቁጥር በ1 ሳንቲ ሜትር ወክለን በግራፍ ወረቀት ላይ ሞከርነው። ኤክስ ኔጋቲቭ 4 ሲሆን ከፍታው 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ፤ ኔጋቲቭ 5 ላይ 0.3። ይህማ የእርሳስ መስመር ውፍረት ነው! የነካው እርሳሱ እንጂ ቁጥሩ አይደለም።

በስተቀኝ ኤክስ 5 ሲደርስ ከፍታው 32 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ወረቀቱ አለቀብን። 10 ላይ 10 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የክፍላችንን ጣሪያ አልፎ ሄደ። 19 ላይ ከ5,200 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ራስ ዳሸን እንኳ አይደርስበትም። ወደ ቀኝ የተጓዝነው ግን 19 ሳንቲ ሜትር፣ ከአንድ ማስመሪያ ያነሰ ነው።

ነጥቦቹን በማስመሪያ አታገናኙ። «ሁለት ጊዜ ኤክስ» የሚለው ቀጥታ መስመርም በ1 እና በ2 ላይ 2 እና 4 ስለሚሰጥ፣ እነዚህን ብቻ ያየ ተማሪ ሁለቱ ግራፎች አንድ ይመስሉታል። 1.5 ላይ ግን ቀጥታው 3 ሲሆን የኛው 2.83 ገደማ ነው፤ ጎበጥ ብሎ ከሥር ያልፋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቱን አግኝተን የእርሳሱን ነገር ነገርናት። «እሺ፣ እርሳሱን ብቀርጸውስ?» አለች።

«ትንሽ ወደ ግራ ርቆ የነካ ይመስልሻል» አልናት።