ያልረጋው ጄሎና ያላጠፋው ፍሪጅ

ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተነሥቶ መርካቶ የዘለቀ ሸማች ለአንድ ጎድጓዳ ሳህን ፑዲንግ የሚሆነውን ሁሉ አሟልቶ ይመለሳል፤ የካስተርድ ዱቄት፣ ጄሎ፣ ብስኩት፣ ሙዝ፣ ፓፓያ። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ እስኪዛወር ድረስማ ፍራፍሬው ከድልድዩ ብዙም ሳይርቅ ይገኝ ነበር። አሠራሩ በብዙ ቤት ከእናት ለልጅ ይተላለፋል፤ ከታች ብስኩት፣ በላዩ ካስተርድ፣ ቀጥሎ ፍራፍሬ፣ ከሁሉ በላይ ጄሎ። አብረውት የሚተላለፉ አባባሎች ግን አሉ፤ ፑዲንጉ ሲበላሽም አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው ፍሪጁ ነው።

«ጄሎው ያልረጋው ፍሪጁ ስለደከመ ነው» ይባላል። ጥሬ ፓፓያ ወይም ጥሬ አናናስ ከገባበት ግን የትኛውም ፍሪጅ አያረጋውም። ጄሎን የሚያረጋው ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ሲቀዘቅዝ ክሮቹ እርስ በርስ ተያይዘው ውሃውን እንደ መረብ ይይዙታል። ፓፓያ ውስጥ ያለው ፓፔይን፣ አናናስ ውስጥ ያለው ብሮሜሌይን እነዚህን ክሮች ይቆራርጣሉ። ጠንካራ ሥጋ በፓፓያ ሲታሽ የሚለሰልሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው ፍሬውን ከስኳር ጋር ደህና አድርጎ ቀቅሎ ማቀዝቀዝ ነው፤ የቆርቆሮ አናናስ ሲታሸግ ሙቀት ስላለፈበት ችግር የለውም። ሙዝ፣ ብርቱካንና እንጆሪ ግን በጥሬያቸው ይገባሉ።

ከሁሉ በላይ መታረም ያለበት የጾሙ ጉዳይ ነው። ብዙዎች ካስተርድ እንቁላል አለበት ብለው በጾም ይተዉታል፤ ጄሎን ደግሞ ስኳርና የፍራፍሬ ጣዕም ብቻ መስሏቸው ያቀርባሉ። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። የካስተርድ ዱቄትን በ1837 እ.ኤ.አ. የሠራው የበርሚንግሃሙ አልፍሬድ በርድ ነው፤ ባለቤቱ እንቁላል ስለማይስማማት ያለ እንቁላል የሚሠራ ካስተርድ ፈለገላት። ዋናው ነገሩ የበቆሎ ስታርች ነው፤ ቀለምና የቫኒላ ጣዕም ይጨመርበታል። አንዳንዱ ዱቄት ወተት ስለሚኖርበት ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል እንጂ፣ በአኩሪ አተር ወተት ሲሠራ ለጾም ይሆናል። በጄላቲን የረጋ ጄሎ ግን ከእንስሳ የመጣ ነውና ለጾመኛ አይቀርብም። ሙስሊም ቤተሰብም ጄላቲኑ የከብት ይሁን የአሳማ አረጋግጦ፣ የሐላል ምልክቱን አይቶ ነው መግዛት ያለበት። ከባሕር አረም የሚሠራው አጋር ለሁለቱም ማዕድ ይሆናል፤ ደግሞም ያለ ፍሪጅ ይረጋል።

ካስተርዱ ሲቀጥን «ዱቄቱ አርጅቷል» ማለትም የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስታርች ውሃ መጦ ለመወፈር በቂ ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ገና ቡልቅ እንዳለ ከማውረድ ይልቅ፣ እያማሰሉ አንድ ሁለት ደቂቃ መጨመር ይበጃል።

«ትኩስ ነገር ፍሪጅ ውስጥ አይገባም» የሚለው ግማሽ እውነት አለው፤ ትልቅ ድስት ሙሉ የፈላ ነገር አጠገቡ ያለውን ምግብ ያሞቃል። ነገር ግን ይህን ፈርቶ በወተት የተሠራ ካስተርድን ሌሊቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ማሳደር አደገኛ ነው። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። ሰፋ ባለ ሳህን ገልብጦ፣ ሳህኑን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀምጦ፣ እንፋሎቱ ሲያልፍ ማስገባት ይቻላል። ጄሎው የሚፈስበት ደግሞ ካስተርዱ ከረጋ በኋላ ነው፤ ጄሎው ራሱ ለብ ካለ ደረጃም ወርዶ፣ ገና ፈሳሽ እያለ። ትኩሱን ያፈሰሰ ሰው ንብርብሩ ተደባልቆበት ያገኘዋል።

ለማፍጠን ብሎ ፍሪዘር ውስጥ መክተትም አያዋጣም። በበቆሎ ስታርች የወፈረ ካስተርድ በረዶ ሠርቶ ሲቀልጥ ውሃ ያዣል፤ ልስላሴውም ይጠፋል። በፍሪጁ መደርደሪያ ላይ 4 ሰዓት ያህል መቆየቱ ይሻላል። መካከል ላይ መብራት ቢሄድ እንኳ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ ቅዝቃዜውን እስከ 4 ሰዓት ገደማ ይይዛል።