የልጅ ልብ ሲቆስል፦ ሕክምናን መጨረስም አማና ነው

ልጆች አላህ (ሱ.ወ.) በወላጆች እጅ ያኖራቸው አማና መሆናቸውን ሁላችንም እንናገራለን። ይህ አማና ግን ልጁ በታመመ ዕለት ብቻ ሳይሆን ትኩሳቱ ከበረደለትም በኋላ ይፈተናል፤ በተለይ ሕመሙ የልብ ሲሆን።

በአዊ ደጋ፣ በእንጅባራና በአካባቢዋ፣ ብርዱ ያይላል። ቤተሰብ በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ ሲያድር የአንዱ ልጅ የጉሮሮ ሕመም በቀላሉ ወደ ሌላው ይሻገራል። ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የመጣ እንደሆነና በወቅቱ ካልታከመ፣ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ ትኩሳት አስከትሎ የልብን በሮች (ቫልቮች) ሊያበላሽ ይችላል። ከዚያም ከታመመ ጥርስ ወይም ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ እንጥል ከተቆረጠበት ቁስል ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ በተጎዳው በር ላይ ይሰፍራል። ሐኪሞች ኢንዶካርዳይቲስ ይሉታል።

ምልክቶቹ ለሳምንታት የሚዘልቅ ትኩሳት፣ ድካም፣ መክሳትና የትንፋሽ ማጠር ናቸው። «ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው» እያሉ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ መስጠት ባክቴሪያውን ከደም ምርመራ ሊሰውረው ይችላል።

ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ባክቴሪያው በረጋ ደም ውስጥ ስለሚሸሸግ ቶሎ አይጠፋም። ትኩሳቱ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሊበርድ ይችላል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው! ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ ባሕር ዳር ድረስ ልጇን ይዛ የሄደች እናት ስንቋ ያልቃል፤ አባት አዝመራው ይጠብቀዋል። «ልጁ ድኗል፣ እንውጣ» ይባላል። ያለ ሐኪም ፈቃድ የወጣ ልጅ ግን ሕመሙ ሊያገረሽበት፣ ከልቡ የተነሣ የረጋ ደም ወደ አንጎሉ ሄዶ ሽባ ሊያደርገው ይችላል።

በሩ ክፉኛ ከተጎዳ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ልጆችን ወደ ውጭ አገር እየላከ ያሳክም ነበር፤ በ2009 ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ያም ሆኖ ወረፋው ረጅም ነው። ስለዚህ ቀድሞ መከላከል ይበልጣል።

የጉሮሮ ሕመም ያለበትን ልጅ እንጥል ከማስቆረጥ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ። መገጣጠሚያ የሚያሳብጠው ትኩሳት ይዞት የነበረ ልጅ ሐኪም ያዘዘለትን፣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋውን ፔኒሲሊን ለዓመታትም ቢሆን አያቋርጥ። ሱና የሆነውን ሲዋክ ልጆቻችንን እናስለምድ፤ የአፍ ንጽሕና ለልብም ጥበቃ ነው። በመድረሳም ሆነ በመንግሥት ትምህርት ቤት የምናስተምር ሰዎች፣ ሲሮጥ ቶሎ የሚደክመውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ወላጁን እናማክር።

ጀማዓውም ድርሻ አለው። የአስታማሚዋን እናት ስንቅ መሙላት፣ የአባትን እህል በደቦ ማጨድ ሰደቃ ነው፤ ልጁ የመጨረሻዋን መርፌ እስኪወስድ አልጋው ላይ የሚያቆየውም ይኸው እርዳታ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘውናል። ዱዓችንም ከመድኃኒቱ ጋር እስከ መጨረሻው ይዝለቅ።

አላህ ለታመሙ ልጆቻችን ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው። አሚን።