የልብ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ክንዱ ሲያብጥ

በግሼ ራቤልና በመንዝ ደጋ ክንዱ ያበጠበት ሰው ወለምታ ነው ተብሎ ወደ ወጌሻ ይወሰዳል። ስለ አጥንትና ስለ ጅማት ከሆነ የወጌሻን እጅ አንነቅፍም። ነገር ግን ፔስሜከር የሚባለው የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው በዚያው በኩል ክንዱ ቢያብጥ ነገሩ ሌላ ነውና፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይረዳው ዘንድ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

መሣሪያው በመጀመሪያ በሰው ገላ ውስጥ የተቀበረው በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ መስከረም 28 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው። የሠራው ኢንጂኒየር ሩኔ ኤልምክቪስት፥ የተከለውም ሐኪም ኦኬ ሴኒንግ ነበሩ። ያ መሣሪያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቢበላሽም፥ በሽተኛው አርነ ላርሶን ከ20 የሚበልጡ መሣሪያዎች እየተለዋወጡለት እስከ 1994 ዓ.ም. ኖሯል። ዛሬ በአዲስ አበባም ይተከላል።

መሣሪያው ከደረት ቆዳ ሥር ይቀመጥና ቀጭን ሽቦው በደም ሥር ውስጥ አልፎ ልብ ይደርሳል። ይህ ሽቦ የደም ሥሩን ግድግዳ ስለሚቈረቍረው ደም ይረጋበታል፥ ጠባሳም ያበቅላል፤ መንገዱም ይጠብባል፥ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ይዘጋል። ብዙውን ጊዜ ደሙ በትንንሽ ሥሮች ዞሮ ስለሚያልፍ ሰውየው ሳያውቀው ይኖራል። ሲብስ ግን ክንድ ያብጣል፥ ይከብዳል፤ በደረትም ላይ ሥሮች ተገትረው ይታያሉ። ወደ ልብ የሚወርደው ትልቁ የላይኛው ደም ሥር ከተዘጋ ፊትና አንገት ያብጣሉ፤ ይኸውም ጠዋት ሲነሡና ለስግደት ሲያጐነብሱ ይበረታል። በዐቢይ ጾም ይህን ያየ ሰው የጾም ድካም ነው ብሎ አይለፈው።

እንዲህ ያለውን ክንድ ማሸት አይገባም፤ የረጋው ደም ተላቆ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና። ትንፋሽ ካጠረው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ሐኪሙ የተዘጋውን ስፍራ በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ መርምሮ አስቀድሞ ደም እንዳይረጋ የሚከለክል መድኃኒት ይሰጣል። ይህ ካልበቃ በሥሩ ውስጥ ትንሽ ፊኛ አስገብቶ በመንፋት መንገዱን ያሰፋል፤ ወይም አሮጌውን ሽቦ ያወጣል። ሽቦ ማውጣት ግን ከሥሩ ጋራ ተጣብቆ ስለሚገኝ አስጊ ሥራ ነው፤ የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም ባልተዘጋጀበት ስፍራ አይሞከርም። በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ የተፈቀደው ሽቦ የሌለው ትንሽ መሣሪያ ግን በልብ ውስጥ ብቻ ስለሚቀመጥ በደም ሥር ውስጥ የሚቀር ነገር የለውም።

ወጥ ለምታሰናዳው እመቤት አንድ ነገር እንጨምር። ዋርፋሪን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጎመን አይከለከልም፤ ነገር ግን በጾም አብዝቶ በፍስክ ፈጽሞ ቢተወው የመድኃኒቱ ኃይል ይዛባልና ልኩ ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ። ደሙንም በተቀጠረለት ቀን ያስመርምር፤ ከራቤል ሲነሣም የመሣሪያውን ካርድ ይያዝ።